ባሌ አሜን ብሎ የገባ ለት

ባሌ ለልብ ቀዶ ጥገና ሲገባ አሜን ብሎ ገባ። እኔም በዚያች ቃል የተነሳ ቀኑን ሙሉ ስንቀጠቀጥ ዋልኩ። እንዲህ ሲነገር ጤነኛ ሰው አልመስልም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

እኔና እሱ የተገናኘነው ሩሲያ ውስጥ፣ ቮሮኔዥ የሚባል ከተማ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ነው። ሁለታችንም መንግሥት ለትምህርት የላከን ልጆች ነበርን። እሱ ቀድሞኝ ስለሄደ የመንገዱን ቋንቋ ለቃቅሞ ጨርሷል፤ መምህራን የማያስተምሩትን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ስወጣ በር ላይ ጠብቆ «ኒ ፑኻ፣ ኒ ፔራ» አለኝ። ትንሿም ላባ አትቅናሽ፣ ትልቋም ላባ አትቅናሽ እንደማለት ነው። ጥንት አዳኞች ሲወጡ የሚባባሉት ነበር አሉ፤ ክፉ መንፈስ ሰምቶ እንዳያሰናክል መልካሙን ምኞት ገልብጦ መናገር። መልሱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ «ክ ቾርቱ»፣ ወደ ሰይጣን ሂድ። ሌላ ነገር ከመለሱ ምኞቱ ይበላሻል። እኔ የቄስ ልጅ፣ ሰይጣንን በአፌ ልጥራ? አሜን ብዬው ሄድኩና ፈተናውን ወደቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ቀስ ብዬ አማትብና በሹክሹክታ እመልሳለሁ። ተጋብተን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባንም በኋላ ልማዱ አልቀረም። መንጃ ፈቃድ ስፈተን፣ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ስንቀርብ፣ ምጥ ይዞኝ ሆስፒታል ስሄድ፣ አንዳችን ይላል፣ ሌላችን ይመልሳል።

ሩሲያኛ ከልጃችን የምንደበቅበት ቋንቋም ነበር። እሷ ግን በቀላሉ የምትታለል አይደለችም። አባቷ ዘግይቶ መጥቶ ሰበብ ሲደረድር «ጆሮዬ ላይ ፓስታ አትስቀል» ስለው ሰምታ ትርጉሙን አወጣጣችኝ። አትሸውደኝ ማለት ነው አልኳት። ከዚያ በኋላማ ለሰማችው ሁሉ የአማርኛ አቻ ካላመጣሽልኝ ትለኝ ጀመር። ለብዙው አገኘሁላት። «ኒ ፑኻ» ላይ ግን ተሸነፍኩ። «ይቅናህ» ነው ስላት፣ መልሱስ ትለኛለች። ለመልሱ አቻ አጣሁለት።

ባለፈው ዓመት የባሌ የልብ ቫልቭ ታመመ። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው የሚነዳውን ታክሲ አቆመ፣ ሐኪሞቹም ደረትህ መከፈት አለበት አሉት። የቀዶ ጥገናው ቀን ልጃችን እየነዳች ገና ሳይነጋ የወንዙን ድልድይ ተሻግረን ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። የንስሐ አባታችን የሚኖሩት እዚያው ከተማ ስለሆነ ጸበል በውኃ ጠርሙስ ይዘው ቀድመውን ደርሰው ነበር። ጸለዩለት፣ በመስቀላቸው ባረኩት። ነርሷ አልጋውን መግፋት ስትጀምር ራሴን ረሳሁና ጎንበስ ብዬ «ኒ ፑኻ፣ ኒ ፔራ» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አባታችንን አየ፤ መስቀሉ ገና ከራሱ በላይ ነበር። አፉ ተከፈተና ተዘጋ። «አሜን» አለ፣ በሩም ተዘጋበት።

እንባዬ መጣ። ልጄ ይዛኝ ወደ መጠበቂያው ክፍል ገባን፤ ምን ሆንሽ ስትለኝ የኬሚስትሪውንም የአሜኑንም ነገርኳት።

«እማ፣ ሲሪየስሊ? አሜን ስላለ ነው የምታለቅሺው?»

አባታችን ጥግ ይዘው ዳዊታቸውን ያነባሉ፤ እኔ ወደሳቸው ማየት አልቻልኩም። ባሌ ሰይጣንን ስላልጠራ ፈራሁ ተብሎ ለንስሐ አባት ይነገራል? ግን ፈርቻለሁ። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የእያንዳንዱ በሽተኛ መስመር ቀለሙ እየተለወጠ ይሄዳል፤ አብረውን ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች እየተጠሩ ሄዱ። የኛ መስመር ቀለሙ አልለወጥ አለ። ያሉን ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ነርስ ወጥታ ደም አልቆም ብሎ አስቸግሯቸው ትንሽ እንደሚቆዩ ነገረችን። ተነስቼ ኮሪደር ወጣሁ። መልሱን እኔ ልበልለት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣ አለኝ። ቢወጣስ፣ ሰው ለሌላው አይመልስለትም።

ልጄ ስልኳን ይዛ ተከተለችኝ። እንግሊዞቹም መልካም ሲመኙ እግርህን ስበር ይላሉ አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። መልሱስ ብላት፣ ታንክ ዩ ነው መሰለኝ አለች። እኔም አያቴ አገር ልጅ የሚሞትባት ሴት ሞት ንቆ እንዲያልፈው ብላ ለሚቀጥለው ልጇ የቆሻሻ ስም ታወጣለች አልኳት፤ ኒ ፑኻም እንደዚያ ነው።

«ታዲያ በዚያ ስም ሲጠሩት ልጁ ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ አቤት ነዋ።»

«አየሽ? ዋናው መመለሱ ነው። አባዬም መልሶልሻል» አለች። አላጽናናኝም፤ እጇን ግን አልለቀቅኩም።

በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣ። ደሙ ቆሟል፣ ልቡም ይመታል፣ አሁን መንቃቱን እንጠብቃለን አለን። ያ መጠበቅ ከሁሉም ባሰብኝ። ወደተኛበት ክፍል ስንገባ የመተንፈሻውን ቱቦ ከጉሮሮው አውጥተውለታል፤ ነርሷ በስሙ እየጠራች የት እንዳለ ትጠይቀዋለች። ዓይኑ ልጁ ላይ አለፈ፣ እኔም ላይ አለፈ፣ ጣሪያው ላይ ቀረ። እዚያው ውስጥ ጥለውት ሌላ ሰው ሰጡኝ ብዬ አሰብኩ። ነርሷ ደግማ ጠየቀችው።

ቆይቶ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። በደረቀ ጉሮሮ፣ ጠዋት የጀመረውን እንደሚጨርስ ሰው፣ «ክ ቾርቱ» አለኝ።

ለቅሶዬን መቆጣጠር አቃተኝ። ነርሷ ደንግጣ ምን አለ፣ አስተርጓሚ ልጥራ ወይ ትላለች። ልጃችን የአባቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዛ ነበር።

«አሜን ነው ያለው» አለቻት።