ግማሹ የተቀበረ ካስማ

በስደት በምንኖርበት አገር፣ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለዓመታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ሳላጣራ አልናገርም፤ ሰዉ ያዛጋ ይሆናል እንጂ ስሕተት አያገኝብኝም። በቅርቡ ግን ከጎረቤት ሰፈር ከብሬብሩክ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጣና ስለ ሙሴ የመገናኛ ድንኳን ማስተማር ጀመረ። አዳራሹ ሞላ። የእኔን ትምህርት አንድም ቀን ቀድታ የማታውቀው ባለቤቴ እንኳ የእሱን በስልኳ ቀዳች። ቀናሁ፤ ሐቁ ይህ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሄድኩት ስሕተቱን ለመልቀም ነበር።

«የድንኳኑ ካስማ ግማሹ መሬት ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ነው» አለ ሹፌሩ። «የተቀበረው የክርስቶስ ሞት፣ የሚታየው ትንሣኤው ነው።»

ሰዉ አሜን ሲል እጄን አወጣሁ።

«ወንድሜ፣ ካስማው ግማሹ ይቀበር የሚል ቃል ኦሪት ዘጸአት ውስጥ የለም። ምንጭህ ማን ነው?»

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ኧረ ተው» አለች በሹክሹክታ።

ሹፌሩ ግን ፈገግ ብሎ ከመጽሐፍ ቅዱሱ መሃል የነተበ ደብተር አወጣ።

«ረስተውኛል መሰለኝ፣ ጋሼ። አዲስ አበባ፣ የወጣቶች ኅብረት ውስጥ እርስዎ ሲያስተምሩን የጻፍኩት ነው።»