የሹክሹክታው ትምህርት ቤት

ዕድሜዬን ሙሉ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ ነው ያስለመደኝ። ፀጉሬ የሸበተው ከአብርሃ ጅራ በታች ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች ላይ ትራክተር ስነዳ ነው፤ ትራክተር ላይ ደግሞ "ውኃ አቀብለኝ" ለማለት እንኳ ሰው ሊገድሉ እንደመጡ መጮህ ግድ ነው። የጭስ ማውጫው በስተቀኝ ስለነበረ ቀኝ ጆሮዬን ጨርሶ ወሰደው። ግራውን ትቶልኛል፤ እሱም ቢሆን የሚሠራው ደስ ሲለው ነው። ታዲያ እግዜር ሊቀልድብኝ ፈልጎ በስተርጅናዬ አስተማሪ አድርጎ ሾመኝ፤ ያውም ከሹክሹክታ ሌላ ድምፅ በማይፈቀድበት ትምህርት ቤት።

አገሩ ሲደፈርስ የእርሻው ካምፕ ተበተነና ሸሕዲ ከተማ ወደምትኖረው ልጄ ዘንድ መጣሁ። ልጄ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ መኪናውን እንደያዘ ጎንደር ቀርቷል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላል። እሷ ሦስት ልጆቿን ይዛ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበረች። እኔ አራተኛ ልጅ ሆኜ ተጨመርኩ፤ ከአራታችን የማስቸግረውም እኔ ነበርኩ።

የክፍሏን ግማሽ ሱዳኖቹ አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ይዞታል። የቀረውን ጀሪካኖቹ፣ የከሰል ምድጃው፣ የልብስ ሻንጣውና የእኔ ሰሌን ተካፍለውታል። አንገረቡ ሌሊት የልጆቹ፣ ቀን የእናታቸው ነበር፤ ቀዝቅዞ አያውቅም። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ብዙዎቹ ለቀው ስለሄዱ ልጄ ሌሊቱን ሁሉ ማለት ይቻላል ተረኛ ናት። ጠዋት ትመጣለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ትወድቃለች።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ትልቋ ልጅ አራተኛን ጨርሳለች፤ ወንዱ ሁለተኛን። ትንሿ ግን ዩኒፎርሟ ተሰፍቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ አንድ ቀን ሳትለብሰው በሩ ተዘጋባት። ዩኒፎርሙ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ከርሞ ልጅቱ አደገችበት።

"አባየ፣ እባክዎ አስተምሯቸው፤ የያዙትን እንዳይረሱ፤ ትንሿም ፊደል ትቁጠር" አለችኝ ልጄ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ግን ሽማግሌ ሆኖ "አልችልም" የሚል የት አለ? መጽሐፉን በብብቴ ይዤ፣ ልጆቹን አስከትዬ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወጣሁ። የመጀመሪያዋን መስመር ሳንጨርስ ልጄ በባዶ እግሯ ከቤት ወጣች።

"የት ናቸው?"

"እነዚህ ምንድን ናቸው? አታዪያቸውም?"

"አባየ፣ ቤት ያስገቡልኝ። አጠገቤ ካልሆኑ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

አስገባኋቸው። ገና ሀ ብለን ስንጀምር ወንዱ በእኔ አነባበብ ሳቀ፤ እሷም በርግጋ ተነስታ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር። ከጤና ጣቢያ የተጠራች መስሏት ነው። እንግዲህ ሕጉ ያን ቀን ተደነገገ። ከቤት ከወጡ አትተኛም፤ ቤት ውስጥ ሆነው ከጮሁም አትተኛም። እሷ ሳትተኛ ከዋለች ደግሞ ማታ በእጇ ላይ የሚወድቀው የሰው ነፍስ ነው። ቀልዴን ሁሉ የማቆምበት ቦታ ይህ ነው።

ክፍሎቹን ደለደልኩ። አምስተኛ ክፍል በሩ አጠገብ፣ ሦስተኛ ክፍል ከአልጋው ሥር፣ አንደኛ ክፍል ጉልበቴ ላይ። ወንዱ በደረቱ ተኝቶ ራሱን ብቻ ከአንገረቡ ሥር ብቅ ያደርጋል። እናቱ በተገላበጠች ቁጥር ገመዱ ጀርባውን ይነካዋል።

"አባባ፣ ጣሪያችን ወረደ" ይለኛል በሹክሹክታ።

ሰሌዳችን የቆርቆሮው በር ነበር። ጠመኔ ሲጢጥ ስለሚል በከሰል እንጽፍበታለን። በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ሰው በገባና በወጣ ቁጥር የማባዛት ሠንጠረዣችን ግቢውን ያያል። አንድ ቀን አከራያችን ቆማ አንብባ፣

"አያ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት የሚሆነው በየትኛው አገር ነው?" አለችኝ።

"በትራክተር ነጂዎች አገር" አልኳት። ትልቋ ልጅ በእጇ አጥፍታ አስተካከለችው። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡን ለእሷ ለቀቅሁላት፤ ሹመቴም ቀነሰ።

ጥሩ ለመለሰ ልጅ የምናጨበጭበው በሁለት ጣት ነበር። ልጆቹ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ይርገፈገፋል። እኔ ሳሌ ሲመጣ ፊቴን ትራስ ውስጥ እቀብራለሁ። ቀትር ላይ ጣሪያው እሳት ሲሆን እርጥብ አንሶላ መስኮቱ ላይ እንሰቅልና ከሥሩ ተጠጋግተን እንማራለን፤ ላባችን መጽሐፉ ላይ ይንጠባጠባል።

አንዳንድ ቀን ከከተማው ዳር ተኩስ ይሰማል። እሱ እንደ ልቡ ይጮሃል፤ እኛ ፊደል ለመቁጠር ትንፋሻችንን እንቆጥባለን። ተኩሱ የቀረበ እንደሆነ ልጄ ማንም ሳይጠራት ተነስታ ፀጉሯን ታስራለች። የሚጠብቃትን ታውቀዋለች። ልጆቹም ያውቁታል፤ ጫማዋን ፈልገው ያቀርቡላታል። በዚያ ቀን ሌላ ትምህርት የለም። አልጋው ባዶ ሆኖ፣ መጮህ ተፈቅዶልን ሳለ፣ መጽሐፉን እንደከፈትን ዝም ብለን እንቀመጣለን።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ። ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ በግራ ጆሮዬ ያነቡልኛል። የሁለቱ ትልልቆቹ ሹክሹክታ ትንሽ ድምፅ ነበረበት፤ እሰማቸዋለሁ። ትንሿ ግን ሕጉን ከሁላችን አጥብቃ የያዘች ናት። አፏን ጆሮዬ ላይ ትለጥፍና የሚደርሰኝ ሙቅ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጣቷ በመስመሩ ሥር ሲሄድ አያለሁ። ከገጹ ግርጌ ሲደርስ፣

"ጎሽ!" እላለሁ።

"አባባ፣ ሰሙኝ?"

"አንዲት ፊደል አላመለጠኝም።"

ዋሾ! ለምን ቢሉኝ፣ ደግመሽ አንብቢ ብላት ድምፅ ትጨምራለች፣ ድምፅ ከጨመረች እናቷ ትነቃለች። ይህ የሚያምረው ምክንያት ነው። የማያምረው ደግሞ ደንቆሮ አስተማሪ መባልን አለመውደዴ ነው። በዚህ ዓይነት ትንፋሽ እያዳመጥኩ፣ ጎሽ እያልኩ፣ መጽሐፉን አስጨረስኳት።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ነው ተባለ። ቤት የከረመ ልጅ ሁሉ ቀርቦ ያነባል፤ እንደ ንባቡም ክፍል ይመደባል። ትንሿ ካነበበች ከእኩዮቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትገባለች። ካላነበበች ከብብቷ ሥር ከሚገቡት ሕፃናት ጋር ከአንደኛ ትጀምራለች። ዩኒፎርሙን አልብሰን ወሰድናት፤ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል።

"አባባ፣ ሁለተኛ ካልገባሁ እርስዎን ያባርሩዎታል?" አለችኝ መንገድ ላይ።

"ደመወዜንም ይከለክሉኛል" አልኳት።

መምህሩ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛ ይዞ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ትልቋ ቀረበች። "ጮክ በይ" አላት ደጋግሞ፤ እንደምንም ድምፅ አወጣች፣ አለፈች። ወንዱም ጆሮው እስኪቀላ ታግሎ አለፈ። ትንሿ ስትጠራ መጽሐፉን አንስታ ጠረጴዛውን ዞረች። የመምህሩን ትከሻ ያዘችና አፏን ጆሮው ላይ ለጠፈች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ደንግጦ ወንበሩን ሳበ።

"ምንድን ነው? ምን ልትነግሪኝ ነው?"

"ላነብልዎት ነው" አለች። ይህንንም የሰማው እሱ ብቻ ነው።

"እዚያ ቁሚና ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ እሺ የኔ ልጅ?"

ሄዳ ቆመች። አፏን ከፈተች። ምንም። ሳቁ ሲቆምም ምንም። ዓይኗ መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ "አባቴ፣ ለመሆኑ ታነባለች?" አለኝ።

"እንዴታ! እንደ ውኃ ነው የምታወርደው!"

"እንግዲያው ነገ ጠዋት መልሰው ያምጧት። ነገም እንዲህ ከሆነች ከአንደኛ ከመጀመር ሌላ መላ የለኝም።"

እጇን ይዤ ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። በማላውቀው ነገር ምያለሁ። ይህች ልጅ ታንብብ አታንብብ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ ስታወራ የከረመችው ፊደል ይሁን የዶሮ ጸሎት፣ የሰማሁት ነገር የለም። ምናልባትም ያን ሁሉ ጊዜዋን ወስጄ ትንፋሽ አስተምሬያት ይሆናል። እሷ መንገዱን ሙሉ አጠገቤ ትሄዳለች፤ እኔ ፊቷን ለማየት አፈርኩ።

ማታ ልጄ ወደ ሥራ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"አንቺ፣ ይህች ልጅ ማንበብ ትችላለች?"

"አስተማሪው እርስዎ፣ የሚጠየቀው እኔ?"

"ጆሮዬ እኮ..."

"አውቃለሁ፣ አባየ። ቀኙ ድፍን ነው፤ ግራው ሲፈልግ ነው የሚሰማው።" ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። "ታነባለች። ውኃውን አልሻገርም ስላለችው ፍየል የሚለው ገጽ ላይ ሰንብታ ነበር፤ አንዷን ቃል ስትስት፣ ራሷ ተመልሳ ስታርም፣ እንደገና ስትስት። የታረመላት ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።"

"አንቺ የት ሆነሽ ሰማሽ?"

"እዚሁ።"

"ተኝተሽ አልነበረም እንዴ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

እኔ እንድትተኛ ብዬ ሳል እየዋጥኩ፣ ልጆቹ ሳቃቸውን እያፈኑ፣ እሷ ነቅታ ነበር።

"ታዲያ መቼ ነበር የምትተኚው?"

"ትንሿ አንብባ ስትጨርስ። ያኔ ይወስደኛል።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ምናለበት..."

"ነቅቻለሁ ብልዎት ይዘዋቸው ይወጡ ነበር። ውጭ ደግሞ..." ቦርሳዋን አንጠለጠለች። "ሲያስሉ ግን፣ አባየ፣ የታነቀ አውራ ዶሮ ነበር የሚመስሉት" ብላኝ ወጣች።

ያ ሌሊት ጥሩ አልነበረም። ተኩሱ በመንገዱ በኩል እስኪነጋ ቆየ። ጠዋት ትንሿን ይዤ ትምህርት ቤት ስደርስ ልጄ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ነጭ ጋውኗን በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ለምን እንዳልለበሰችው አልጠየቅኋትም። ከንፈሯ ደርቋል።

ትንሿ እንደ ትናንቱ ከመምህሩ ፊት ቆመች። መምህሩ ከዚህ በፊት ያላየችውን መጽሐፍ ገልጦ ሰጣት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። የእኔ ልብ ከትራክተር በላይ ይጮሃል። ይኸኔ ልጄ ወደ ኋላ ሄዳ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ክንዷን አጣጥፋ ግንባሯን ጣለችበት።

"እኔ ተኝቻለሁ" አለች ከዚያው። "አንብበሽ ቀስቅሺኝ።"

ልጅቱ ዞራ አየችኝ። በእኛ ቤት ከዚህ የበለጠ ክልክል ነገር የለም። እናትን መቀስቀስ! እኔ ራሴን ነቀነቅሁላት።

ጀመረች። መጀመሪያ ያው ትንፋሽ ነው። እናቷን አየቻት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛው መስመር ላይ የሆነ ነገር ጭር ጭር አለ፣ ሞተር ሊነሳ ሲል እንደሚያደርገው። ከዚያ ተነሳ። እኔ፣ ደንቆሮው ሽማግሌ፣ ሰማሁት! ጎርናና፣ ወፍራም ድምፅ ነው፤ በዚያች ቀጭን አንገት ውስጥ የትራክተር ነጂ ድምፅ ተደብቆ ኖሯል። ምስኪን፣ ከእኔ የወረሰችው እሱን ነው። ቃሉን እየቆረሰች፣ ስትስት እየተመለሰች፣ እያረመች አነበበች። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች መሳቅ ተዉ።

ገጹን ጨረሰች። እናቷ ቀና አላለችም። ገልብጣ ቀጠለች። መምህሩ "ይበቃል፣ ይበቃል" ብሎ እጁን አነሳ፤ ልጅቱ አላየችውም። የታዘዘችው ማንበብ ብቻ አልነበረምና፣ ድምፅዋን ጨምራ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ ሦስተኛውን ገጽ ያዘች። ከዚያ መካከል ላይ ቆም አለች።

"አባባ፣ አልነቃችም።"

ሄጄ ጎንበስ ብዬ አየኋት። ልጄ ከምሯ ተኝታለች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ የጋውኑ ፌስታል ከእጇ ወድቋል። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ። በጫማው ጫፍ እየረገጠ መጣና አንድ ነገር በቀኝ ጆሮዬ ሹክ አለኝ።

"ጎሽ" አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

ሰውየው ሁለት ተማሪዎች ጠቅሶ ጠረጴዛውን አሸከማቸው። ገና ያልተፈተኑትን ልጆች ውጭ ካለው ዛፍ ሥር ሊያስነብባቸው ነው። በሩን ቀስ አድርጎ ገርበብ አደረገው። ትንሿ ሸሚዜን ጎትታ ጎንበስ አስደረገችኝ፤ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችውና አፏን ግራ ጆሮዬ ላይ ለጠፈች።

"መምህሩ 'ሁለተኛ ክፍል ገብታለች' ነው ያሉት" አለችኝ። በዚያን ጊዜ ትንፋሽ ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ ድምፅ ጨመረችልኝ።

እናቷ እስክትነቃ ድረስ ኋላ ዴስክ ላይ ግራና ቀኟ ተቀመጥን።