ጠብታ የማያሳልፍ በር

ዛኪር የሠራውን ሁሉ በውሃ ይፈትሻል። ገንዳ ከሆነ ሞልቶ ያሳድረዋል፤ አሸንዳ ከሆነ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሶበት ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያያል። መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ብየዳ ቤቱ የወጣ ዕቃ አፈሰሰብኝ ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ በመስኖው ቦይ ላይ አመፅ ሲነሣ የብረቱን በር ማን ይሥራው የሚል ጥያቄ አልነበረም።

ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ ሠላሳ ሁለት ማሳ ያጠጣል። መሃል ላይ መከፋፈያ አለው። እሷ ስትዘጋ ውሃው ወደ ላይኞቹ ፓፓያና ብርቱካን ይዞራል፤ ስትከፈት ወደ ታችኞቹ ሽንኩርት ይወርዳል። ሃያ ሦስት ዓመት የውሃ አባት ሆነው ተራ ያከፋፈሉት አያ ሞላ ነበሩ። መዝጊያቸው ድንጋይ፣ ጭቃና አሸዋ የሞላ ጆንያ ነው። ሰዓታቸው ጥላ ነው፤ ዱላቸውን ተክለው ጥላውን በጫማቸው ይሰፍራሉ። ለአማቻቸው ማሳ ሲሰፍሩ እግራቸው ይዘገያል፣ ለታችኞቹ ሲሰፍሩ ይፈጥናል ይባል ነበር። ውሸትም አልነበረም።

ከሁሉ በታች ያለው ማሳ የሀስና ነው። ከሳቸው በኋላ ግራር ብቻ ነው ያለው። ሀስና የዛኪር አክስት ናቸው፤ እናቱ ስትሞት ወስደው ያሳደጉት፣ ወልድያም ልከው ብየዳ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚያች ማሳ ሽንኩርት።

አመፁን የመራው ዓሪፍ ነው። ተመርቆ ሥራ ቢያጣ ወደ አባቱ ፓፓያ የተመለሰ ልጅ ነው። የአባቱ ማሳ ከላይ ሆኖ ለታችኞቹ መከራከሩን ሰው ወደደለት። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ሰፈር ለሰፈር ዞረ፤ አጠገቡ ተቀምጦ "ውሃ ዘመድ የለውም!" እያለ የሚያስተጋባው ዛኪር ነበር። ዋርካው ሥር ሕዝቡ ሲሰበሰብ የአያ ሞላን ዱላ ነጥቆ በጉልበቱ የሰበረውም ዛኪር ነው።

አያ ሞላ ስብራቱን አይተው፣ "ወይራ'ኮ ነው፣ ልጄ። ለማገዶ እንኳ ያሳዝናል" አሉና ሄዱ።

በሳምንቱ በሩ ቆመ። አራት ሚሊ ላሜራ፣ ክፈፉ አንግል ብረት፣ ማንሻው የአሮጌ አይሱዙ ክሪክ ነው። ጠርዙን ዙሪያውን ከመኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ ለጠፈበት። ውሃ ሲለቀቅበት ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ጠብታ የለም። ጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱን የአዲሱ የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው ዓሪፍ ያዘ፣ ሌላውን ከታችኞቹ የተመረጡት ሀስና በክር አድርገው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

የመጀመሪያው ወር እንደተባለው ሄደ። የተራው ዝርዝር በኮምፒውተር ተጽፎ ዋርካው ላይ ተለጠፈ፤ ለአንድ ማሳ አራት ሰዓት፣ በየአሥራ አንድ ቀኑ። በሁለተኛው ወር ኮሚቴው ስብሰባ ስለሚውል ማሳውን መንከባከብ አልቻለም ተባለና ለየአባሉ አንድ ማካካሻ ተራ ተጨመረ። ስብሰባው በዛ። ማካካሻውም በዛ። ስለ ማካካሻው የሚወስን ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ከዚያ ጓጉንቸሩ ዝጓል ተብሎ ተቀየረ፤ ሀስና አሮጌውን ቁልፍ አንጠልጥለው ቀሩ። የታችኞቹ ተራ አሥራ ዘጠኝ ቀን ገባ። ያጉረመረመ ካለ ባጃጁ በነጋታው ይዞራል፤ "የሞላ ሰዎች ቦዩን ሊነጥቁን እየዶለቱ ነው። ትዕግሥት አድርጉ።" አያ ሞላ ግን ዱላቸው ከተሰበረ ወዲህ ጉልበታቸው ይዟቸው ከደጃፋቸው አልፈው አያውቁም።

ዛኪር ይህን ሁሉ እየሰማ ይበይድ ነበር። አዲስ ነገር መንገራገጩ አይቀርም ይላል። አንድ ረፋድ ላይ ሀስና ብየዳ ቤቱ ደረሱ።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩም አሰላም፣ እቴ። ምነው በዚህ ፀሐይ?"

ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ሽንኩርት ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል። ራሱ ከነጭ ሽንኩርት አይበልጥም።

"ራስ መቋጠሪያ ጊዜው ነው። በአራት ቀን ካልጠጣ ለከብት ነው" አሉ።

"ተራዎ መቼ ነው?"

"ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ስብሰባ ካልገባበት።"

ዛኪር ሽንኩርቱን አገላበጠ። "በአያ ሞላ ጊዜ'ኮ ከዚህም ይዘገይ ነበር። ያኔ በምን ደረሰ?"

"በሚያፈሰው ነዋ! ከድንጋዩ ሥር ሌት ተቀን ትሾልክ የለ፣ እንደ አውራ ጣት። እሷን ነው ስንጠጣ የኖርነው። ያንተ በር ግን ማሻአላህ፣ ጠብታ አያሳልፍም። አበጀህ፣ ልጄ።"

ምርቃት ነበር። ዛኪርን ግን ያለ መነጽር እንደ በየደ ሰው ዓይኑን አቃጠለው።

መቀመጥ አልቻለም። ብየዳውን ዘግቶ ከአመፁ ወዲህ ረግጦት ወደማያውቀው ደጅ ሄደ። አያ ሞላ ጉልበታቸውን እያሹ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ከድንጋዩ ሥር የሚሾልከው፣ ለታችኞቹ አዝነው ነው የተዉት?"

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። "አዝኜ ነው ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዱላዬም ይቆጭህ ነበር። ወላሂ፣ ሃያ ሦስት ዓመት በጭቃ ስደፍነው ኖሬ እምቢ ያለኝ ነው። እንዳንተ ሙያ የለኝማ።"

ከዚያ ቀጥታ ዓሪፍ ዘንድ ሄደ። ዓሪፍ ፓፓያው ሥር ወንበር አውጥቶ ስልኩን ይነካካል። ዛኪር ችግሩን ነገረው፤ ከበሩ ሥር ትንሽ መሹለኪያ ልተው አለው።

"በሩ የሕዝብ ነው" አለ ዓሪፍ።

"እቴ ሀስና ሕዝብ አይደሉም?"

"ከሞላ ደጅ ስትወጣ ታይተሃል።"

"ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት።"

"እሱን'ኮ ነው የምልህ።" ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ለአክስትህ ከተፈቀደ ለማን ይከለከላል? ውሃ ዘመድ የለውም፣ ዛኪር። አንተው ነህ ስትጮህ የከረምከው።"

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ዛኪር ሰዓቱን የመረጠው አስቦበት ነው፤ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ በመከፋፈያው በኩል ያልፋል፣ ተደብቆ ቆረጠ እንዲባል አልፈለገም። የባትሪ መሰርሰሪያውን ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገባ።

"ምን ልትሠራ ነው?" አለው ኮሚቴው በሩ ላይ ያቆመው ዘበኛ።

"ጥገና።"

"ምኑ ተበላሸ?"

"አያፈስም።"

ዘበኛው ሊስቅ ወይም ሊቆጣ ሲያመነታ ስድስት ቀዳዳ ተበሳ፤ ከሥር፣ እኩል በእኩል፣ እያንዳንዱ ባለ አሥር ሚሊ። ስድስት ቀጫጭን ውሃ ወደ ደረቁ ቦይ ተወረወረ። ሰዎቹ ቆመው አዩ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልከለከለውም። የደረቀው ቦይ መጀመሪያ ራሱ ጠጣ፤ ሀስና ማሳ የደረሰው ከአስር ሶላት በኋላ ነው።

በነጋታው ባጃጁ "የሞላ በያጅ" እያለ ዞረ። ሁለት ደንበኞች መጥተው ያላለቀ መዝጊያቸውን ጭነው ሄዱ። ዛኪር የባጃጅ ድምፅ በሰማ ቁጥር የብየዳ መከለያውን ገልጦ ወደ መንገዱ ያያል፤ ኤሌክትሮዱ ይጣበቅበታል፤ ቀጥ ያለ መስመር መበየድ አቃተው። ቀትር ላይ ትቶት ወደ መከፋፈያው ሄደ።

ዓሪፍ ብቻውን ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጨርቅ በጭቃ እየለወሰ ቀዳዳውን ይደፍናል። አንዱን ሲደፍን ውሃው ሌላውን ይተፋዋል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ረጥቧል።

"ቆመህ ታያለህ? ቁራጭ ላሜራ አምጣና ድፈነው።"

"እዚህ መብራት የለም።"

"ወልድያ በያጅ ሞልቷል። ነገ ከነጄኔሬተሩ አመጣለሁ።"

"ጭቃው ግን አይይዝም" አለው ዛኪር፤ ክፋት አልነበረውም፣ ሙያ ነው ያናገረው። ከዚያ ቦዩን ተከትሎ ወረደ።

ሀስና መኮትኮቻ ይዘው ውሃውን ከመስመር ወደ መስመር ያዞራሉ። ውሃው እንደ አውራ ጣት ነው።

"ስንት ጠጣ?"

"ስድስት መስመር። ዘጠኝ ይቀረኛል።"

"እስከ ነገ ነው ያለን፣ እቴ።"

ሌላ መኮትኮቻ አነሣ። ሲደክማቸው እሱ፣ ሲደክመው እሳቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ውሃው አሥራ አምስተኛው መስመር ጫፍ እንደ ደረሰ ከላይ ጄኔሬተር ሲነሣ ተሰማ።

ዛኪር ወጥቶ አየው። የወልድያው በያጅ እጁ ጥሩ ነው፣ ቁራጩንም በልክ ቆርጧል። ነገር ግን ቸኩለውበታል፤ በሩ አልወጣም፣ አልደረቀም። ከላሜራው ጀርባ ውሃ እያለ ነው የሚበይደው፤ ብየዳው ላይ ፊኛ እየተነፋ ይፈነዳል፣ ሽንቁርም ይተዋል። ዛኪር "አውጥተህ አድርቀህ በይደው" ሊል አፉን ከፈተ። ዓሪፍ ዞር ብሎ አየው። ዛኪር አፉን ዘጋ።

ሲመለስ ቦዩ ውስጥ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ሀስና ዳሩ ላይ ተቀምጠው የማያገለግለውን ቁልፍ በጣታቸው ያዞራሉ።

"ደፈኑት?"

"ደፈኑት።"

"ይሄኛው እንኳ ደረሰ፣ አልሃምዱሊላህ። የሚቀጥለው ውሃስ?"

ዛኪር አልተቀመጠም። ወደ ላይ፣ ወደ መከፋፈያው እያየ በጣቱ ቆጠረ።

"ሦስት ቀን ቢፈጅበት ነው፣ እቴ። ከዚያ ያፈሳል።"