የዝንቦቹ ዕድሜና የአባቴ ተራ

አባቴ ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ አስተምረዋል። አሁን ግን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው እኔን እንኳ የሚለዩኝ በድምፄ ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እርጅናን አጠናለሁ፤ በሰው ሳይሆን በፍራፍሬ ዝንብ። ዝንብ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ልደቷንም ሞቷንም በጥቂት ወራት ውስጥ ማየት ይቻላል። ግማሾቹን አጠግባለሁ፣ ከግማሾቹ ምግብ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ በየጠዋቱ የሞቱትን እቆጥራለሁ። አንድም ቀን መዝለል ስለማይቻል ሌላ ቦታ ተቀምጬም ልቤ እዚያው ነው።

በቀጠሯቸው ዕለት ሆስፒታል ወረፋ ይዘን ሳለ የቤተ ሙከራው ጥበቃ ደወለልኝ። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ወቅቱ ክረምት ነበር። የዝንቦቹ ማሞቂያ ሳጥን ከቀዘቀዘ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ የረዘመው ግን በምግብ ማነስ ይሁን በብርዱ መለየት አይቻልም። እግሬ አላርፍ አለ። አባቴ የወንበሩ መነቃነቅ ተሰማቸው።

«ምን ሆነሻል?»

«ዝንቦቹ ቀዘቀዙብኝ፣ አባ።»

«ሂጂያ! እኔ እንደሆን የትም አልሄድ።»

አጠገባችን የነበሩትን ሴትዮ «ስማቸው ሲጠራ ይንገሩልኝ» ብዬ ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ጠርሙሶቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሙቅ ውሃ በሞሉ ጀሪካኖች ከበብኳቸው። ለግማሽ ሰዓት ብዬ ብወጣም ስመለስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሴትዮዋ ቀድመው ተጠርተው ገብተዋል። አባቴ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ስማቸው በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የሚመልስ ጠፋ» አለችኝ ነርሷ። «ለሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ስለ ተራቸው አላነሱም።

«ተረፉልሽ?»

«በሕይወት አሉ። ሙከራው ግን ተበላሽቷል፤ እንደ አዲስ መጀመሬ ነው።»

«ምግብ የቀነስሽባቸው ረዘም ያለ ዕድሜ ይኖራሉ ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ፣ ግን እንቁላል የሚጥሉት ጥቂት ነው።»

«እነሱን ብትጠይቂያቸው የቱን ይመርጡ ይሆን?»

አርባ ዓመቴን አልፌያለሁ፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። የጠየቁኝ ስለ ዝንብ ይሁን ስለ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቅኔ መምህር ናቸውና።

በሳምንቱ ስልኬን ዘግቼ ከጎናቸው ሳልነሳ ዋልኩ። ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ እንጂ ተራቸው ደርሶ ለቀዶ ሕክምና እስኪገቡ አልተነሳሁም። በማግስቱ የዓይናቸው ፋሻ ሲፈታ አባቴ ዓይናቸውን አርገብግበው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ውይ ልጄ! ይህ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣብሽ?»

ነርሷ ሳቀች። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ።

ከሆስፒታሉ ወጥተን ወደ ባጃጅ መያዣው ስንሄድ የሱቁን፣ የፋርማሲውን፣ የፀጉር ቤቱን ማስታወቂያ ሁሉ እየቆሙ ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። አዲሶቹ ዝንቦች ይጠብቁኛል፤ ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ። «እንፍጠን» ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ እየመሩኝ ነበር።