ከቡሬ ስመለስ የሸተተኝ

ልጄን ቡሬ አድርሼ እየተመለስኩ ነበር። ጤና ጣቢያ ተመድባ የመጀመሪያ ሥራዋን ልትጀምር ስለነበር፣ ፍራሿን፣ ምድጃዋንና ሁለት ሻንጣዎቿን በባለቤቴ አሮጌ መኪና ጭነን ከፍኖተ ሰላም በጠዋት ወጣን። የተከራየችውን ክፍል አብረን ጠረግን፣ መጋረጃም ሰቀልን። ከዚያ የምሠራው ነገር አለቀብኝ። በሩ ላይ ቆማ «እማዬ፣ ሳይመሽብሽ ሂጂ» አለችኝ። ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። መንዳት የተማርኩት እሱ ካረፈ በኋላ፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ ስሄድ፣ መኪናው እንግዳ ድምፅ ካሰማ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጥና «ምንም አይደል» ይለኛል። እኔም ወሬዬን እቀጥላለሁ። ምን ሰምቶ ምንም አይደል እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ገበሬው እህሉን እየሰበሰበ ነበር። ከቡሬ እንደወጣሁ መኪና እየሄደበት እንዲወቃ አስፋልቱ ላይ ዳጉሳ አስጥተዋል። ዳር የቆመች ሴት በእጇ እለፊ አለችኝ። ቀስ ብዬ በላዩ ነዳሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላም ነበር፤ እሱንም አለፍኩት።

ማንኩሳ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ከሰል የሚያከስል ሰው አይጠፋም ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው ባሰ።

«ይሸትሻል?» አልኩ ድምፄን አውጥቼ።

አጠገቤ ወንበሩ ላይ ከልጄ ሻንጣ የወደቀ አንድ ካልሲ ብቻ ነበር።

የእጅ ፍሬኑን አየሁ፤ አልተያዘም። የሙቀት መለኪያውም እንደወትሮው ነው። ዳር ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ኮፈኑን ስከፍት ጭስ የለም፤ ሽቦዎቹም ደህና መሰሉኝ፣ ደህና ሽቦ ምን እንደሚመስል ባውቅ ነው እንግዲህ። ፍሬን የያዘው ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚግል መንጃ ፈቃድ ስማር ሰምቼ ነበርና የእጄን ጀርባ ወደ አራቱም እያስጠጋሁ ዞርኩ። ልዩነት የላቸውም። ሽታው ግን እዚያው ነው።

ስልኬን አውጥቼ ስሞቹን ወደ ታች መግፋት ጀመርኩ። አንዱ ሞቷል። አንዱ አዲስ አበባ ነው። ከአንዷ ጋር ከተነጋገርን ዓመት አልፎናል። ልጄን በመጀመሪያ ቀኗ ማስደንገጥ አልፈለግኩም። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት አውቶቡሶች ጡሩምባ እየነፉ አለፉኝ።

አንድ ሽማግሌ ገለባ የሚያነሡበትን መንሽ ተሸክመው ከማሳው ወደ መንገዱ ወጡ።

«እንደምን ዋሉ እመይቴ። ምን ሆነችብዎ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ። የሚቃጠል ነገር አለ፤ ምኑ እንደሆነ አላወቅሁም።»

ቆመው አሸተቱ። «ጎማ አይደለም። ይህማ ገለባ ነው። ከተሰጣው ዳጉሳ ላይ ነድተው ነበር?»

«ሁለት ቦታ።»

«እንግዲያማ ከሥር ይዛ መጥታለች።»

ተንበርክኬ አየሁ። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ በጭስ ማውጫው ቱቦና በላዩ ባለው ቆርቆሮ መካከል ገለባ ተጠቅጥቋል። ጠርዙ ጠቁሮ ቀጭን ጭስ ያወጣል። እጄን ስሰድ «ተዉ፣ ያቃጥልዎታል!» ብለው መንሻቸውን ገለበጡና በእጀታው ጎርጉረው አላቀቁት። እፍኝ እፍኝ እየሆነ ወደቀ። እኔ እየረገጥኩ የመጠጥ ውኃዬን አርከፈከፍኩበት።

ከውስጥ የቀረውን ለማውጣት ቱቦው እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ብቻዎን ነዎት?» አሉኝ።

«የለም፣ ልጄ ከኋላ በአውቶቡስ እየመጣች ነው።»

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ብቻዬን ነኝ ማለት አፌ ላይ ከበደኝ።

ቱቦው ሲበርድ በጀርባዬ ተኝቼ ቀሪውን በደረቅ እንጨት እየጫርኩ አወጣሁ። ሞተሩን አስነሥቼ ጥቂት ቆየሁ፤ ሽታው የለም። አመስግኜ ልሰናበት ስል ሽማግሌው ተመልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ልጅዎ እስክትደርስ አብሬዎ ልጠብቅ። መንገድ ላይ ብቻዎን ትቼዎት አልሄድም።»

አንድ ሚኒባስ ከቡሬ በኩል ብቅ ሲል ከእኔ ቀድመው ተነሡና አንገታቸውን አሰገጉ። ሳይቆም ሲያልፍ «ይህም አይደለ» ብለው ተቀመጡ። ፊቴ ጋለ።

«አባቴ፣ ልጄ አትመጣም» አልኩ። «ለሥራ ቡሬ ትቻት ነው የመጣሁ። ቤትም ሰው የለኝም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ይህን ለመናገር ምን አስቸገረዎ? እኔም ቤት የሚጠብቀኝ የለም። ስለዚህ ነው መቀመጡ ያልከበደኝ።»

ትንሽ አብረን ተቀመጥን። የተነጋገርነው ስለ ዘንድሮው እህል ብቻ ነው። ላድርስዎት ብላቸው ቤታቸው ከማሳው ማዶ መሆኑን በእጃቸው አሳዩኝ። መርቀውኝ ሄዱ፤ ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ እስኪሰወሩ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ቤቴ ገብቼ እጄን ስታጠብ ልጄ ደወለች።

«ደህና ገባሽ?»

«ደህና ገባሁ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ» አለች። ስታለቅስ እንደነበረች ድምፅዋ አስታወቀባት። እሷም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ስልኩን ሳንዘጋ፣ ብዙም ሳንናገር ቆየን።