የአብዱሰመድ ማንቆርቆሪያ

የጎረቤቴ የአብዱሰመድ ጭማቂ ቤት መርሳ ላይ የሚታወቀው በማንጎው ሳይሆን በመስታወት ገንዳ ውስጥ በሚዋኙት ስድስት ቀይ ዓሣዎች ነው። ዓሣዎቹ የሚስቱ የቶይባ ናቸው። እሱማ "ለማይበላ ዓሣ መብራት ይባክናል!" እያለ ሲያሾፍባት ነው የኖረው። ሐምሌ 2013 ጦርነቱ ሲቃረብ፣ ነፍሰ ጡር ስለነበረች አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ላካት። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና ስለ ሱቁ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

"ዓሣዎቼን አደራ። ፓምፑ ውሃውን ካላናወጠው ይታፈናሉ። ፓምፑ ደግሞ ራሱ ይሞቃል፤ ሲነሳ ውሃ ካልገፋ ቶሎ ንቀለው" አለችው።

"ወላሂ፣ ስትመለሺ ታገኛቸዋለሽ" ብሎ ማለላት።

ወር ሳይሞላ መብራቱም ስልኩም መንገዱም ተቋረጠ። በማግስቱ ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። አብዱሰመድ የወሎ ሰው አይደል? አፉን የከፈተ ሁሉ የራበው ይመስለዋል። ዳቦ እየፈረፈረ አበላቸው። ፍርፋሪው ገንዳው ውስጥ ሸተተና ሁለቱ ሞቱ። እኛ ቆሎ በምንቆጥርበት ክረምት፣ መርሳ ላይ ጠግበው የሞቱት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ምን ልላት ነው?" አለኝ። "ብቻዋን ልትወልድ የሄደች ሰው የጠየቀችኝ ይህችኑ ብቻ ነበር።"

የዚያን ቀን ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ዉዱእ ሊያደርግ ሲታጠብ፣ ከማንቆርቆሪያው የሚወርደው ውሃ ሳፋው ውስጥ አረፋ ሲሠራ አየ። ተነሥቶ ከገንዳው ቀዳና ከፍ አድርጎ መልሶ አፈሰሰው። ዓሣዎቹ አረፋው ሥር ተሰበሰቡ። ከዚያ ወዲያ በየሰላቱ ሃያ ሃያ ማንቆርቆሪያ ሆነ። ሙቀቱ ሲጠናም ውሃውን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ አብርዶ ይመልሰዋል። በሰላት መሃል ያለው ሰዓት የኔ ድርሻ ነበር። የልብስ ስፌቴን ትቼ ለዓሣ ውሃ ስቀዳ ሰው እንዳያየኝ በሩን እዘጋዋለሁ። ተኩስ ሲሰማም ጎንበስ ብለን እንቀዳለን።

ከገና በኋላ አንድ ረፋድ ላይ መብራት መጣ። መንደሩ በእልልታ ተናጋ። አብዱሰመድ ፓምፑን ሰካ፤ ፓምፑም እምም አለ። እኔ እልል ልል ወጥቼ ስመለስ እጁን ገንዳው ውስጥ ነክሯል።

"ሞቀ!" አለ። አምስት ወር ሳይሠራ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ፓምፕ፣ እንደ ሻይ ማፍያ ኖራ ይዞት ጉሮሮው ተዘግቷል። ይግላል እንጂ ውሃ አይገፋም። አብዱሰመድ ሶኬቱን ነቀለና ማንቆርቆሪያውን አነሣ።

"ሰው ሁሉ ሲሰካ አንተ ትነቅላለህ?" አልኩት ተናድጄ።

"ነግራኛለች" አለኝ።

የጭማቂ ሰው መድኃኒቱን አያጣም። ፓምፑን ፈታትቶ የሎሚ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት ሲደርስ ኖራው ለቆ ነበር። መልሶ ሲሰካው ውሃው ተወረወረ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ምን ያሳፍራል?

የካቲት ላይ ቶይባ ሴት ልጇን ታቅፋ ገባች። አብዱሰመድ ግን ልጅቷን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም። ቶይባ ገንዳውን አየች።

"አራት ናቸው።"

"ሁለቱን እኔ ነኝ የገደልኳቸው። የራባቸው መስሎኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

አዛን ተሰማ። አብዱሰመድ እንደ ልማዱ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ገንዳው ሄደ።

"ፓምፑ አይሠራም እንዴ?"

"ይሠራል።"

ገና ውሃው ሳይፈስ አራቱም መጥተው ከእጁ ሥር ቆሙ። ቶይባ ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ተቀበለችና ልጅቷን አስታቀፈችው።