አሻግሬና ኖር የበዛበት ድረ ገጽ

አሻግሬ ድምፁ ትንሽ ነው። ሰውየው ትንሽ አይደለም፤ ቁመቱ የበር ጉበን ይነካል፣ ጋቢ ሲደርብ ሁለት ሰው ያህላል። እግዜር ድምፅ ሲያድል ግን የአንዲት ዓይነ አፋር ሙሽራ ድርሻ ተሳስቶ ለእሱ ሳይደርሰው አልቀረም። ገበሬ ቢሆን ኖሮ ይህ አይጎዳውም ነበር፤ በሬ ጅራፍ እንጂ ምክር አይጠብቅም። አሻግሬ ግን እንጀራው የተጋገረው ደባርቅ ከተማ፣ በአንድ የጉዞ አገልግሎት ማኅበር ውስጥ ነው። ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ እንግዶች አስጎብኚውን፣ ወጥ ቤቱን፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበውን ስካውትና ባለ በቅሎውን በየተራቸው ይመድባል። ምድቡንም በየማለዳው ቆርቆሮ ዳሱ ሥር ቆሞ፣ ጮክ ብሎ ለሁሉም ማንበብ አለበት።

ማንበቡን ያነባል። የሚሰማው ግን የለም።

“አሻግሬ! ለእኛ ነው ወይስ ለሸሚዝህ ቁልፍ ነው የምትነግረው?” ይላል ዋሴ ከኋላ። ዋሴ ተራራው ላይ፣ ጊች መንደር ተወልዶ ያደገ ባለ በቅሎ ነው። ሁለት በቅሎ፣ ለአምስት በቅሎ የሚበቃ አፍ አለው።

“ተወው እንጅ፣ እየተናዘዘ ይሆናል!” ይላል ሌላው።

ዳሱ በሳቅ ይናወጣል። በዚያ ውርጭ አሻግሬን ላብ ያሰምጠዋል። ንባቡ ሲያልቅ ሁሉም እየመጣ “የኔ ወዴት ነው?” ብሎ በጆሮው ይጠይቀዋል፤ እሱም ያንኑ ምድብ ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና በሹክሹክታ ያነባል።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ስጦታ የዳባት ሴት ናት፤ ነገር ማስታመም አትወድም። አንድ ቀን ስብሰባ ጠርታ “ጋሽ አሻግሬ፣ መፍትሔ አግኝቻለሁ። ከጎንደር ሜጋፎን አስመጣልሃለሁ” አለችው።

አሻግሬ ክው አለ። ትንሽ ድምፅ በሜጋፎን ሲጎላ ትልቅ ድምፅ እንደማይሆን ያውቃል፤ ገበያ ድረስ የሚሰማ ትንሽ ድምፅ ነው የሚሆነው። እስከ ዛሬ የሳቀበት ዳሱ ብቻ ነበር። አሁን ደባርቅ በሙሉ ሊስቅበት ነው።

ያን ጊዜ የእንግዶችን ቀጠሮ የምትይዘው ሶልያና እጇን አነሣች። ጎንደር ለሥልጠና ሄዳ በቅርቡ መመለሷ ነው። “እዚያ ያየሁት ነገር አለ” አለች። “ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብቻ የሚሠራ ድረ ገጽ ነው። ምድቡን እዚያ ጽፈን፣ ሁሉም በየስልኩ ያነበዋል። መጮህ የለም።”

“እሱ ይሻላል!” አለ አሻግሬ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ከተቀጠረ ጀምሮ እንዲህ ጎልቶ የተሰማ ቃል አልወጣውም።

ስጦታ ትንሽ አሰበችና “እሽ” አለች። “ከሚካኤል ማግሥት ትልቅ ቡድን ይመጣብናል። እነሱን በዚህ ገጽ አስተናግደን ከሸኘን፣ የማለዳው ንባብ ይቀራል። ካልሆነልን ግን ሜጋፎኑ ይመጣል፣ አንተም ታነባለህ።”

አሻግሬና ሶልያና ሥራ ጀመሩ። ሥራው የሶልያና፣ ጭንቀቱ የአሻግሬ ነበር። እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ እሱ ከኋላዋ ቆሞ “ጽሑፉ ትንሽ ከፍ አይልም?” ይላታል፤ ድምፁን መሆኑ ነው። በመጨረሻ አንድ ነጭ ገጽ ወጣ። ማንም የማኅበሩ ሰው ምድቡን ያይበታል፣ ሐሳቡንም ይጽፍበታል። አንድ ሰው ሲከፍተው ደግሞ “እገሌ ገብቷል” የሚል ቃል ለሁሉም ብቅ ይላል። ሶልያና በጣም የኮራችው በዚህ ነበር።

ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ተመዘገቡ። የይለፍ ቃል ለማንም እንዳይናገሩ ሶልያና አጥብቃ አስጠነቀቀች። ዋሴም ከዳር እስከ ዳር በሚሰማ ድምፅ “የኔ የበቅሎዬ ስም ነው! ብረሳው አስታውሱኝ!” አለ።

ገጹ የተከፈተ ዕለት አሻግሬ የመጀመሪያውን ቃል ጻፈ፦ “ገጻችን ተከፍቷል። ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ።” ከዚያ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ዋሴ ገብቷል። አስጎብኚው ብርሃኔ ገብቷል። ወጥ ቤቷ ሸጊቱ ገብታለች። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ገብተዋል። አንድ በአንድ ሁሉም ገቡ። አንድም ሰው ግን ፊደል አልጻፈም። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ትንፋሽ የለም።

አሻግሬ አንገቱን ደፋ። “በጽሑፍም አልሰማም ማለት ነው” ብሎ አሰበ።

ዋሴን ለብቻው ያዘው። “ወንድሜ፣ አፍህን ለበቅሎ እንኳን ነፍገህ አታውቅም። ምነው እዚህ ዝም አልህ?”

“ኧረ በስመ አብ!” አለ ዋሴ። “መሪጌታ ከገቡበት ሸንጎ፣ እሳቸው ሳይናገሩ እኔ ልቅደም? ማን ያሳደገኝ መሰለህ?”

ነገሩ ለአሻግሬ በራለት። መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ የማኅበሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ናቸው። ዓመታት ቅኔ አስተምረው፣ ዛሬ ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ይጠብቃሉ፤ ግማሹን ሠራተኛ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሄደ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳን ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው የገዛችላቸውን ስልክ እንደ መስተዋት ራቅ አድርገው ይዘው አገኛቸው።

“መሪጌታ፣ ገጹን አላዩትም እንዴ?”

“አይቸዋለሁ እንጅ። ገብቻለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አሉ?”

“ልጄ፣ ገብቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማን ተቀመጡ አለኝ?”

አሻግሬ ወደ ሶልያና በሩጫ ተመለሰ። “ገጹ ወንበር አለው?”

“ምን አለው?”

“ወንበር። ላይኛው ወንበር።”

ሶልያና አፍጥጣ አየችው። ግን ልጅቷም የዚያው አገር ልጅ ናትና ገባት። አንድ ጽሑፍ ሌላው ሳያወርደው ከሁሉ በላይ ተሰክቶ እንዲቆይ ማድረግ እንደሚቻል ታውቅ ነበር። የመሪጌታን ፎቶ ከነጥምጥማቸው አናት ላይ አስቀመጠችው። አሻግሬም ከሥሩ “መሪጌታ፣ ይግቡ፣ ከላይ ይቀመጡ” ብሎ ጻፈ።

መሪጌታ ተቀመጡ። ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ በአንዲት ጣት እየለቀሙ፣ ከበስመ አብ ጀምረው መረቁ። አገሩን መረቁ፣ አዝመራውን መረቁ፣ የበቅሎዎቹን ሸኮና መረቁ፤ “ኔትወርኩንም ከመቆራረጥ ይሰውርልን” ብለው ጨረሱ። አሜኑ እንደ በረዶ ወረደ። ከዚያማ ማን ያቁመው? ዋሴ ስለ ገብስ ዋጋ ጻፈ። ወጥ ቤቷ ሸጊቱ የጠፋባትን ማማሰያ አፋለገች። ሶልያና እስክስታ ልትወርድ ምንም አልቀራትም። አሻግሬ የዚያን ዕለት ምድቡን ጻፈ፤ ሁሉም አነበበው፤ ማንም በጆሮው ሊጠይቀው አልመጣም። ቤቱ ሄዶ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ራት በላ።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። መሪጌታ በማግሥቱ ገጹን ሲከፍቱ “መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ገብተዋል” የሚለው ቃል ብቅ አለ። ዋሴ ይህን እንዳየ “ኖር!” ብሎ ጻፈ። ትልቅ ሰው ገብቶ ማን ቁጭ ይላል? ብርሃኔም “ኖር!” አለ። ሸጊቱም፣ ስካውቶቹም፣ ሁሉም ተነሡ። መሪጌታም ጨዋ ናቸውና፣ በጅምላ መመለስ ሳይዋጥላቸው፣ ለእያንዳንዱ “በእግዜር” ብለው መለሱ። መልሰው ሳይጨርሱ ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስ ደግሞ እንደ አዲስ ገቡ። ሁሉም እንደ አዲስ ተነሣ።

ሶልያና “ገብተዋል የሚለውን ላጥፋው?” አለች።

“ሰው መግባቱ ሳይታወቅ ይቅር? እንደ ሌባ?” አለ ዋሴ። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ተወችው።

ትልቁ ቡድን የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ዋሴና ጓደኞቹ ድንኳኑንና የወጥ ቤቱን ድስት ጭነው ቀድመው ወጥተው፣ ተራራው ላይ ባለው የመጀመሪያው ሰፈር፣ ሳንቃበር አድረዋል። ማለዳ ተነሥተው ወደ ጊች ሰፈር መሄድ ነበረባቸው። ሌሊቱ እንደነጋ አስጎብኚው ብርሃኔ እንግዶቹን ይዞ ከዳባት ደወለ።

“ጋሽ አሻግሬ፣ አንዷ እንግዳ ጎንደር ላይ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን አሟት ጊች ድረስ በእግር አልሄድም አለች። መኪና እስከሚገባበት ጨነቅ ሰፈር በቀጥታ እንሄዳለን። በቅሎዎቹ ወደ ጨነቅ ይምጡ።”

አሻግሬ ወዲያው ጻፈ፦ “በቅሎዎች ወደ ጊች አይሂዱ። ወደ ጨነቅ።” ልክ ይህን ጽፎ እንደጨረሰ መሪጌታ ገቡ።

ኖር። ኖር። በእግዜር። ኖር። ኔትወርክ ጠፋ። መጣ። ኖር።

ረፋዱ ላይ ሸጊቱ፣ ከእንግዶቹ ጋር በመኪና ከደረሰችበት ከጨነቅ ደወለች። ጥሩ ለመሰማት አንድ ቋጥኝ ላይ ወጥታ ነበር። “ጋሽ አሻግሬ! የታሉ በቅሎዎቹ? ሽንኩርት ይዤያለሁ፣ ድስት የለኝም። ሽንኩርቱን ምን ላድርገው፣ ላልቅስበት?”

በቅሎዎቹ ጊች ነበሩ። እንግዶቹ ጨነቅ ላይ ያለ ድንኳን፣ ያለ ምሳ ተቀመጡ። የነበረችውን ዳቦ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ መንትፎ ገደል ወረደ። ጉልበቷን ያመማት ሴት ከሳቋ የተነሣ ሕመሟን ረሳች አሉ፤ ስካውቱም ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ለሁሉም አደለ። ዋሴ ነገሩን ከአንድ መንገደኛ ሰምቶ በቅሎዎቹን እያስሮጠ ጨነቅ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

በማግሥቱ ቢሮው ውስጥ፣ ስጦታ ጠረጴዛ ላይ፣ ሜጋፎኑ ተቀምጧል። ከጎንደር በሚመጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ተጭኖ ነው የመጣው። አሻግሬ አፈ ሙዙ የዞረበት ሰው መሰለ። ስጦታ መሪጌታንና ሶልያናን አስቀምጣ፣ ለዋሴ ደወለችና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች።

“ዋሴ፣ መልእክቱን አላየኸውም?”

“ወይዘሮ ስጦታ፣ ወደሱ እየሄድሁ ነበር እኮ! መሪጌታ ገቡ፣ ተነሣሁ። ኔትወርክ ጠፍቶባቸው ወጡ፣ ተቀመጥሁ። ተመልሰው ገቡ፣ ተነሣሁ። ስነሣ ስቀመጥ ባትሪዬ አለቀ።”

“ዝም ብለህ አታልፍም ነበር?”

“መሪጌታን?” አለ ዋሴ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። “ድስት ይቅር እንጅ!”

ስጦታ ስልኩን ዘጋችና ሜጋፎኑን ወደ አሻግሬ ገፋ አደረገችው። አሻግሬ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

ያን ጊዜ መሪጌታ በትራቸውን ተመርኩዘው “ልጄ ስጦታ” አሉ። “ቅዳሴ ገብቶ ሰው ሲመጣ፣ ኖር ይባላል?”

“አይባልም፣ መሪጌታ።”

“ጳጳስ ቢመጣስ?”

“ማን ለማን ይናገራል? ቅዳሴ ነዋ።”

“ታዲያ ሰላምታው የት ነው?”

“ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ደጀ ሰላም።”

“እናንተ” አሉ መሪጌታ ወደ ሶልያና ዞረው፣ “መቅደሱንና ደጀ ሰላሙን አንድ ቤት አድርጋችሁ ሠራችሁት። ክፈሉት እንጅ።”

ሶልያና ወዲያው ተነሣች። ከሰዓት በፊት ገጹን ለሁለት ከፈለችው። አንደኛው “ደጀ ሰላም” ተባለ፤ ገብተዋል፣ ኖር፣ በእግዜር፣ የገብስ ዋጋ፣ ማማሰያ፣ ሁሉ እዚያ። ሁለተኛው “ምድብ” ነው፤ እዚያ መግባትም አይነገርም፣ ከአሻግሬ በቀር የሚጽፍም የለም። መሪጌታም ከላይኛው ወንበራቸው ሆነው “በምድቡ ገጽ የተናገረ፣ ቅዳሴ ላይ እንዳወራ ይቆጠር” ብለው አወጁ።

ስጦታ “እንግዶቹ እስኪወርዱ ብቻ” አለች። ሜጋፎኑንም አሻግሬ ቀና ባለ ቁጥር እንዲያየው እሱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

እንግዶቹ የሚወርዱበት ቀን ጠዋት ብርሃኔ ደወለ። ጉልበቷን ያመማት ሴት ከዋሴ በቅሎ ተፋቅራ መኪና አልገባም ብላለች፤ በበቅሎ ሳንቃበር ድረስ ልትወርድ ነው። አሻግሬ “ምድብ” ላይ ጻፈ፦ “መኪናው ጨነቅ አይሂድ፣ ሳንቃበር ይጠብቅ። የዋሴ በቅሎ እንግዳዋን፣ ሌሎቹ ድንኳኑን ይዘው ሳንቃበር ይውረዱ።”

ከሥሩ ምንም አልተጻፈም። ደጀ ሰላሙ በኖር ይንጫጫል፤ ምድቡ ግን ጭጭ። አሻግሬ ይህን ጸጥታ ያውቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር የመለሰለት ይኸው ነው። ደውሎ እንዳያጣራ፣ ሰዎቹ ተራራው ጉያ ውስጥ ናቸው፤ ስልኩ “አይሠራም” ይላል። ሻይ አስመጣ፣ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። ሜጋፎኑን ጋቢ አለበሰው፤ መልሶ ገለጠው።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሸጊቱ ነበረች። “ጋሽ አሻግሬ፣ ሳንቃበር ነን። መኪናውም ደርሷል፣ ድንኳኑም ደርሷል፣ ድስቴም እጄ ላይ ነው። ሴትዮዋ ብቻ ከበቅሎው አልወርድም ብላለች።”

“እና… አነበባችሁት?”

“ምኑን? ምድቡን? ሁላችንም ነዋ! መልስ እንዳንሰጥ እኮ ቅዳሴ ነው።”

ስጦታ ሜጋፎኑን ለሸጊቱ ሰጠቻት፤ ጨነቅ ላይ ጭላዳ ከዳቦ ታባርርበት ብላ። የማለዳው ንባብም ቀረ።

በሚቀጥለው ማለዳ አሻግሬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ቁርሱን በልቶ፣ አርፍዶ ግቢው ደረሰ። ቆርቆሮ ዳሱ ሥር ሁሉም በየድንጋዩ ተቀምጠዋል። በየእጃቸው ስልክ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ምድቡን ያነባሉ።

“ምነው? ቀርቷል አልተባለም?” አለ አሻግሬ።

“ማንበቡ ነው የቀረው” አለ ዋሴ፤ ከስሜን መውረዱ ነበር። “መሰብሰቡ ይቀራል ብሎ ማን አዘዘ? እቤት ብቻዬን ላነበው ነው?”

ይህን ብሎ ከድንጋዩ ተነሣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ለአሻግሬ።

“ኖር!”

አሻግሬ ጋቢውን አስተካከለ። ያለ የሌለ አቅሙን አሰባስቦ፣ “በእግዜር” አለ።

“አልሰማንም!” አለ ዋሴ ከኋላ። “ጻፈው!”